ኪታቡን ማን አረመው? ከወራቆች ገበያ እስከ ስልካችን



የወረቀት መጽሐፍ ይሻላል ወይስ የስልክ? አንዱ «ኪታብ ማለት በእጅ ተይዞ ገጹ የሚገለጥ ነው» ይላል። ሌላው «አንድ ኪታብ በምገዛበት ብር ስንት መቶ ኪታብ ስልኬ ላይ እጭናለሁ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የኪታብን ታሪክ ወደ ኋላ ሄደን ስናየው ግን ዑለማኦቻችንን ያሳሰባቸው ጥያቄ ሌላ ሆኖ እናገኘዋለን፦ ይህን ኪታብ ማን አረመው?

በእጅ ይጻፍ በነበረ ጊዜ

በዐባሲዮች ዘመን ባግዳድ ውስጥ «ወራቅ» የሚባሉ ባለሙያዎች ነበሩ። ወረቀት ይሸጣሉ፣ ኪታብ ይገለብጣሉ፣ ይጠርዛሉ፣ ይነግዳሉ። ታዋቂውን «አል-ፊህሪስት» በ377 ዓ.ሂ. ያዘጋጀው ኢብኑ ነዲም ከእነርሱ አንዱ ነበር። ኪታብ ግን ተገልብጦ ስላለቀ ብቻ አይታመንም። «ሙቃበላ» የሚባል ሥራ ይቀረዋል። ግልባጩ ከዋናው ጋር ቃል በቃል ይነጻጸራል፤ ወይም በአዘጋጁ አሊያም ከእርሱ በተማረ ሸይኽ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። የተገኘው ስህተት በኅዳጉ ላይ ይታረማል። በብዙ ኪታቦች መጨረሻ ላይ ማን እንዳነበበ፣ በማን ፊት እንደተነበበ፣ እነማን ተቀምጠው እንደሰሙና ቀኑ መቼ እንደነበር ተጽፎ ይገኛል። ይህ «ሰማዕ» ይባላል። አንባቢው ኪታቡን ሲከፍት በስንት እጅ እንዳለፈ ያውቃል።

በሀገራችንም ሐረር በኪታብ ግልበጣና በጥረዛ የታወቀች ከተማ ናት። በወሎም ደረሳው የሚቀራውን ኪታብ በገዛ እጁ ገልብጦ፣ ሸይኹ ፊት ቁጭ ብሎ እያነበበ ያቃናው ነበር።

ማሽኑ ሲመጣ

ቁርኣንን ሙሉ በሙሉ በማተሚያ ለማተም መጀመሪያ የሞከሩት እ.ኤ.አ. በ1537 እና 1538 አካባቢ በቬኒስ የነበሩት ፓጋኒኒ የተባሉ አባትና ልጅ ናቸው። ለሙስሊሞች ሊሸጡት አስበው እንደነበር ብዙ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ሕትመቱ ግን በስህተት የተሞላ ነበር፤ «ዳል» እና «ዛል» እንኳ በነጥብ አልተለዩበትም። ዛሬ የሚታወቀው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1987 በቬኒስ የአንድ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተገኘ። ገልባጭ ቢሳሳት ስህተቱ በአንድ ኪታብ ላይ ይቀራል። ማሽን ሲሳሳት ግን ያንኑ ስህተት በሁሉም ቅጂ ላይ እኩል ያሰፍራል።

ቀጥሎ ወደ ኢስታንቡል እንሂድ። ብዙ ጊዜ «ዑለማኦች ማተሚያን ከለከሉ» ሲባል እንሰማለን። ታሪኩ ግን ከዚህ ይሰፋል። ከሃንጋሪዎች ወገን ተወልዶ የሰለመው ኢብራሂም ሙተፈሪቃ ማተሚያ ለማቋቋም ሲጠይቅ፣ ሸይኹል ኢስላም ዐብዱላህ አፈንዲ የፈቀዱት በፈትዋ ነው። ፈትዋው ሕትመትን ያወደሰው አዋቂዎች ለእርማት እንዲሾሙ በማሳሰብ ነበር። ሱልጣን አሕመድ 3ኛ እ.ኤ.አ. በ1727 በሰጡት ፈቃድ የተፍሲር፣ የሐዲስና የፊቅህ ኪታቦች እንዳይታተሙ ተለይተው ሲወጡ፣ ለቀሪዎቹ አራት ዓሊሞች አራሚ ሆነው ተመደቡ። የመጀመሪያው ሥራ የቫንቁሊ መዝገበ ቃላት በ1729 በ1,000 ቅጂ ታተመ። ሙተፈሪቃ እስከ 1742 ድረስ 17 ሥራዎችን አሳትሟል።

በካይሮ ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ እ.ኤ.አ. በ1820 አካባቢ የቡላቅን ማተሚያ ሲያቋቁሙ ደግሞ «ሙሰሒሕ»፣ ማለትም አራሚ፣ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። አራሚዎቹ የመጡት ከአዝሀር ነው። ከእነርሱ አንዱ የሆኑት ሸይኽ ነስር አል-ሁሪኒ ለግብፅ ማተሚያ ቤቶች የሚያገለግል የአጻጻፍ ሥርዓት መጽሐፍ ሳይቀር አዘጋጅተዋል። በቡላቅ ኪታቦች መጨረሻ ላይ የአራሚው ስም ሰፍሮ ማየት የተለመደ ነው። የድሮው «ሰማዕ» መልኩን ቀይሮ ወደ ማተሚያ ቤት ገባ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 በካይሮ የወጣውን ታዋቂውን ሙስሐፍም ያዘጋጀው የቁርኣን ሊቃውንት ኮሚቴ ነው።

ዛሬስ?

የስልኩን ጥቅም መካድ አንችልም። ማተሚያ ገንዘብ ላለው ብቻ የሚከፈት በር ነበር። እንደ ሸይኽ ጦልሐ ጀዕፈር ያሉ የወሎ ዑለማኦች በዐጀም ፊደል በአማርኛ የገጠሟቸው መንዙማዎች ዘመን የተሻገሩት በአብዛኛው በደረሶች ብዕርና በሕዝብ አንደበት እንጂ በማተሚያ አይደለም። ዛሬ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለን የብራና ወይም የወረቀት ኪታብ ምስጥና እርጥበት ሳያጠፋው በስልክ ካሜራ ማስቀረት ይቻላል። ጂዳ ወይም ዱባይ በሥራ ላይ ያለች እህታችን ሻንጣዋ ኪታብ ባይችል ስልኳ ይችላል።

ግን በቴሌግራም የሚደርሰንን ፒዲኤፍ ልብ ብለን እንየው። ብዙ ጊዜ የፊት ገጹ ተቆርጧል። አዘጋጁ ማን ነው? ስንተኛው እትም ነው? ማን ተየበው? ማንስ ከዋናው ጋር አመሳከረው? መልስ የለም። የታተመ መጽሐፍ ስህተቱ ቢገኝ «በዚህ እትም፣ በዚህ ገጽ» ብለን እንጠቁማለን። ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ጽሑፍ ግን ዛሬ አንድ አንቀጽ ቢጎድልበት ወይም ቢጨመርበት ነገ ማንም ላያውቅ ይችላል። ሌላም ሐቅ አለ። ተበድሮ ያሳተመ ጸሐፊ መጽሐፉ ሳይሸጥ ሳለ ፎቶ ተነሥቶ በነፃ ከተበተነ ሁለተኛውን መጽሐፍ በምን ያሳትማል? «ዲናዊ ዕውቀት ነው፣ ለሁሉም ይድረስ» ማለት የሰውን ልፋት ያለ ፈቃዱ መውሰድን አያነጻም።

እኛ የምንለው ይህን ነው። ወረቀትም ስልክም መሣሪያ ናቸው። ኪታብን የሚያስታምነው ስሙን ሰጥቶ ኃላፊነት የወሰደ ሰው ነው። የእጅ ጽሑፍ ሰማዕ ነበረው፣ ማተሚያ ሙሰሒሕ ነበረው። ስልካችን ላይ ያለው ኪታብ ገና የራሱን አላገኘም፤ ይህን ሊሠራ የሚችለው ደግሞ የእኛ ትውልድ ነው። ጽሑፍ የምትለቁ ከሆነ አራት ነገር ጻፉበት፦ የአዘጋጁን ስም፣ የተወሰደበትን እትም ወይም ቅጂ፣ ያረመውን ሰውና ቀኑን። የአያቶቻችሁን ኪታብ ፎቶ ስታነሡ ኅዳጉንና የመጨረሻውን ገጽ አትቁረጡ፤ የአንባቢዎቹና የአራሚዎቹ ስም ያለው እዚያ ነው። ሼር ከማድረጋችሁ በፊትም «ማን አረመው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወላሁ አዕለም።