ቆቦን በጎርፏ በኩል ማየት

ከቆቦ ርቆ ለሚኖር ሰው ያገሩ ወሬ የሚደርሰው በአስፋልቱ በኩል ነው። መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፤ በወልድያ በኩል ጦር ተጠጋ፣ ካላማጣ በኩል ተፈናቃይ ገባ። ጳጉሜን 2013 ሰላማዊ ሰዎች በከተማዋ ሲገደሉም፣ ነሐሴ 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሲያገረሽም፣ የውጭ ሰው ቆቦን የሰማት ከደሴ መቀሌ በሚወስደው መስመር ላይ ያለች ከተማ ተብላ ነው። የታሪክ መጻሕፍቱም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ቆቦ ያለችበት የራያ ስም የሚነሣው ወይ ራስ ጉግሣ ወሌ እንዲያበርዱት በታዘዙት በ1921 እና 1922 ዓ.ም. አመፅ ነው፣ ወይ በ1928 ከማይጨው የሚያፈገፍገውን የንጉሠ ነገሥቱን ሠራዊት በመውጋቱ ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ በመንገዱ ሽቅብ ቁልቁል ያለፈ ኃይል ራያን ያየበት ዓይን ነው። የነዋሪው ታሪክ የሚሄደው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ ወንዙን ተከትሎ ነው።

የቆቦ ሜዳ በግዳን ደጋና በዞብል ተራራ መካከል የተዘረጋ ነው። የራሱ ዝናብ ብዙ ጊዜ ማሽላውን ለፍሬ አያደርስም፤ ስለዚህ ገበሬው በደጋው ላይ በዘነበ ዝናብ ያርሳል። ጎሊናና ሆርማት ጎርፍ ይዘው ሲወርዱ ቆላው ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ገበሬው ግን ቀደም ብሎ ከወንዙ አፍ ላይ አሸዋ ከምሮ፣ ድንጋይ ደርድሮ፣ እሾህና ቅርንጫፍ አጋድሞ ጠልፎታል። ውሃው በቦይ ይገባል፣ የላይኛውን ማሳ ያጠጣል፣ ጠግቦ ሲተርፍ ወደ ታችኛው ይለቀቃል። ለጠለፋው ጉልበቱን ያላዋጣ ሰው ተራ ለመጠየቅ ፊት የለውም። ጎርፉ ደግሞ ውሃ ብቻ አይደለም፤ የደጋውን አፈር ይዞ ይመጣል። የሜዳው ጥቁር መሬት ሳይደክም የኖረው በዚሁ ደለል ነው።

እንዲህ ያለ በየክረምቱ የሚፈርስ ክትር ኋላ ቀርነት ነው፣ በሲሚንቶ ቢሠራ ይሻላል የሚሉ አሉ። በራያ ሸለቆ ተሞክሯል፤ ጠባቡን የውሃ መግቢያ ደለሉና ድንጋዩ ደፈኑት። የገበሬው ክትር መፍረሱ ጥቅም አለው፦ ከልክ ያለፈ ጎርፍ ሲመጣ ክትሩ ይሄዳል፣ ማሳው ይተርፋል። የጉድጓድ ውሃ ይህን ሁሉ ያስቀራል የሚለውም አያዋጣም፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ራሱ የሚሞላው ከዚያው ከምዕራቡ ተራራ በሚወርደው ነው። ከባዱ ተቃውሞ ረሃቡ ነው። በ1965 እና 1977 ይህ ጥበብ ወሎን ለምን አላዳነም? ደጋው ካልዘነበበት የሚጠለፍ ጎርፍ የለም። በሬ ካለቀና ሰው ከተሰደደ ደግሞ ጎርፉ ተመልሶ ቢመጣ እንኳ የሚጠልፈው ጉልበት አይገኝም። ድርቅ ካለፈ በኋላ ረሃብ የሚሰነብተው አንድም በዚህ ነው፤ ይህን አስፋልቱ ላይ ቆሞ የሚቆጥር የእርዳታ ሪፖርት አያየውም።

ከተማዋን ያሳደጋት ጣልያን የሠራው መንገድ መሆኑን አልክድም። ገበያዋን የሞላው ግን ማነው? ከግዳን ገብስና ባቄላ ጭኖ የሚወርደው ደገኛና ከምሥራቅ ግመልና ፍየል እየነዳ የሚመጣው አፋር ከማሽላ አራሹ ጋር የሚገናኙት እዚያ ነው።

የአስተዳደር ወሰኑ ይህን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መልክ ሸፍኖታል። የቀድሞው ራያና ቆቦ አውራጃ ከ1983 በኋላ ለሁለት ተከፍሎ አላማጣ ወደ ትግራይ፣ ቆቦ ወደ አማራ ሲሄዱ ጸቡ ሁሉ የሰሜንና የደቡብ ሆነ። የምሥራቁ ወሰን ግን ከነጭራሹ አይነሣም። ጎሊና የቆቦን ሜዳ አልፎ ወደ አፋር ይወርዳል፤ እዚያም ጉሊና የሚባል ወረዳ አለ። ግዳን ላይ ዛፍ ሲመነጠር ቆቦ ማሳው ላይ ድንጋይ ይቆለላል፤ ቆቦ ውሃውን ጠልፎ ሲያስቀር የአፋር አርብቶ አደር ግጦሽ ይደርቅበታል። ርቆ ያለው የራያ ልጅ ከጦርነቱ በኋላ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ገንዘብ ማሰባሰቡ ደግ ነው፤ ለግዳን እርከንም ቢያዋጣ ገንዘቡ የሚሠራው ለቆቦ ነው።