የወቅት ሠራተኛ በመተማ ቆላ

የወቅት ሠራተኛ፣ በአካባቢው አጠራር «ሳሉግ»፣ ከደጋው ወርዶ በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ እስከ ሁመራ በተዘረጋው ቆላ የሰው ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ የሚያርምና የሚያጭድ ቅጥር ገበሬ ነው። የጠረፍ ከተማዋ መተማ ዮሐንስ በአገር ታሪክ የምትነሣው በአብዛኛው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ስለወደቁባት ነው፤ ስለ ጦርነቱም ብዙ ተጽፏል። እርሻውን በጉልበቱ ስላቆመው ሰው የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ይህ መጣጥፍ የሚከራከረው የቆላው ድህነት በመሬት ማነስ ወይም በአፈር መድከም ብቻ እንደማይገለጽ ነው። ሥርዓት በተለወጠ ቁጥር የመሬቱ ባለቤት ሲለወጥ፣ አራሚውና አጫጁ መሬት ከሚያስገኘው ማኅበራዊ ቦታ ውጭ ቆይቷል።

የተካሪር ሰፈራ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መተማን (ሱዳኖች ገላባት የሚሉትን ክፍል ጭምር) ይዘው የነበሩት ተካሪሮች ናቸው። አመጣጣቸው አከራካሪ ነው። አንዳንዶች ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ በመንገድ የቀሩ ሐጃጆች ናቸው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከዳርፉር የመጡ ሰፋሪዎች ያደርጓቸዋል። ሁለቱ አስተያየቶች የሚጣሉ አይመስሉም። የሐጅ መንገዱ በዳርፉር ያልፍ ነበር፤ ጉዞው ዓመታት ይፈጅ ስለነበር ድኻው ሐጃጅ በየደረሰበት በሰው ማሳ እየሠራ ስንቁን ይቋጥራል። በሱዳን የገዚራ የጥጥ እርሻ በ1925 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ከዚሁ የምዕራብ አፍሪካ ፍልሰት ብዙ ጉልበት ማግኘቱ ግምቱን ያጠናክራል። ስለዚህ በዚህ ጠረፍ የቅጥር እርሻ ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ዘመናዊ እርሻ ነው የሚለው የተለመደ አነጋገር ሳይጠብ አይቀርም። ተካሪሮች ለሁለት ወገን፣ ለኢትዮጵያና ለግብፅ ገዥዎች፣ ግብር ይከፍሉ ነበር። ጥጥ ያመርታሉ፤ በገበያቸው ቡና፣ ሰም፣ ፈረስና በቅሎ ይሸጣል። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በ1862 እ.ኤ.አ. በዚያ አልፏል።

በዚያው ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከሚታደኑት መካከል የቆላው ነባር ነዋሪዎች ጉሙዞች ይገኙበታል። ይህ ለክርክሩ ትልቅ ክብደት አለው፤ በኋለኞቹ ዘመናት መንግሥታት «ባዶ መሬት» እያሉ ለባለሀብትና ለሰፋሪ የሰጡት ቆላ በከፊል በባርያ ፈንጋይ የተራቆተ አገር ነበር። ከ1879 እስከ 1881 ዓ.ም. የተካሄዱት ጦርነቶች ገበያውን አፈረሱት። በ1894 ዓ.ም. የተፈረመው የድንበር ውል ደግሞ መተማን ለኢትዮጵያ፣ ገላባትን ለሱዳን አድርጎ አንዱን ገበያ ለሁለት ከፈለው።

ቆላው ሰው ያጣው በወባ ነው የሚል መቃወሚያ ይነሣል። ንዳድ የደጋውን ሰው ማራቁ እውነት ነው፤ ደገኛው ኑሮውን ደጋ ላይ አድርጎ ቆላ ወርዶ የሚያርስበት የ«ሞፈር ዘመት» ልማድ የመጣውም በከፊል ከዚህ ነው። ነገር ግን ጉሙዞችና ተካሪሮች ዓመቱን ሙሉ ኖረውበታል። ደግሞም ሞፈር ዘማቹ ለራሱ የሚያርስ ሰው ነው፤ ሳሉጉ ያንኑ መንገድ የሚወርደው ለሌላ ሰው ሊሠራ ነው። ወባ ይህን ልዩነት አያስረዳም።

መሬት

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በሁመራና በመተማ የትራክተር እርሻ ተስፋፋ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ የአንድን ቤተሰብ ይዞታ በ10 ሄክታር ወሰነ፤ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ሰው ቀጥሮ ማሳረስንም ከለከለ። ለጭሰኛው አዋጁ ነጻነት ነበር። ለሳሉጉ ግን ቀጣሪውን ሲያነሣበት እሱን የመሬት ባለቤት አላደረገውም፤ ማሳ የሚከፋፈለው በየቀበሌው ገበሬ ማኅበር ስለነበር በወቅት መጥቶ የሚሄድ ሰው በመዝገቡ አይገኝም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 አርሶ አደር መሬት በነጻ እንዲያገኝ፣ ባለሀብት ደግሞ በክፍያ እንዲጠቀም ደነገገ። በተግባር የአርሶ አደሩ መብት ከነዋሪነት ጋር የተያያዘ ሆነ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የሰፈራ ፕሮግራም ከደጋው ወደ መተማና ቋራ የወረዱ ቤተሰቦች እስከ 2 ሄክታር ተሰጣቸው። ይህ የመጣጥፉን ክርክር ያፈርሳል የሚል አይጠፋም፤ ድኻው ደገኛ እዚሁ ባለ መሬት ሆኗልና። መልሱ ሰፋሪው መሬት ያገኘው ነዋሪ ተብሎ ስለተመዘገበ እንጂ ጉልበቱን ስላፈሰሰ አለመሆኑ ነው። ባጠገቡ ዓመት ከዓመት የሚያርመው ሳሉግ ያንን አላገኘም።

የአጨዳ ሰሞን

ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬው ያለበት ቋት ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በማጭድ፣ በሰው እጅ መታጨድ አለበት። በእነዚህ ቀናት ቀጣሪው ይጨነቃል፤ የቀን ዋጋ ይንራል፤ ሳሉጉም ተደራድሮ ማሳ ይመርጣል። ሥራው ለደጋው ቤተሰብ በሬ መግዣ፣ ዕዳ መክፈያ ሆኗል የሚሉ ሰዎች የሚያዩት ይህንን ነው፤ ትክክልም ናቸው። የመደራደር አቅሙ ግን ከምርቱ ጠባይ የመጣ በመሆኑ ከነዶው ጋር አብሮ ያልቃል። በአረም ጊዜ ያለው ዋጋ ዝቅ ይላል፤ ደላላ ይገባበታል፤ የምግብ ወጪም ከደመወዝ ሊቀነስ ይችላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል እንጂ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል ራሱ አልወሰነም። ሰሊጡ በ2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በደረጃና በግልጽ ዋጋ ሲሸጥ፣ ያጨደው ሰው ጉልበት ዋጋ የሚቆረጠው ዛሬም በቃል ነው።

ጤና

ካላዛር (ቁንጭር ከሚባለው የቆዳ በሽታ ጋር ዝምድና ያለው፣ ካልታከመ የሚገድል ሕመም) በጥቁር መረሬ አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር በምትኖር የአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል። በብዛት የሚይዘው በቆላው የራሱ ቤት ስለሌለው ሜዳ ላይ የሚያድረውን ሳሉግ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተስፋፋው የትጥቅ ግጭት ከደጋ ወደ ቆላ የሚያወርዱትን መንገዶች ለሠራተኛው አስጊ አድርጓቸዋል።