ውድ ግዴታና አስቸጋሪ ግዴታ

ፈላስፋው ፒተር ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ጥልቀት በሌለው ኩሬ የሚሰምጥ ሕፃን አለ። አላፊ አግዳሚው ልብሱ በጭቃ ቢበላሽም ገብቶ ሊያወጣው ይገባል፤ በዚህ የሚከራከር ብዙ የለም። ክርክሩ የተነሣው ሲንገር ከኩሬው በሩቅ ወደሚቸገሩት የምሥራቅ ቤንጋል ስደተኞች ሲሻገር ነው። ርቀት ግዴታን ካላስቀረ፣ ያለው ሰው ራሱ ከተረጂው እኩል ለመቸገር እስኪቃረብ ድረስ መስጠት አለበት ማለት ነው። ተቃዋሚዎቹ «ይህስ በዛ» አሉት። የበዛው ግን ምኑ ነው?

ብዙዎች የግዴታን ክብደት በወጪው ይለካሉ። ወጪ ሲባልም ከተሰጠው ይልቅ የቀረው መታየት አለበት፤ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ሁለት ሳንቲም የጣለችው መበለት ከባለጠጎቹ አብልጣ ሰጠች የተባለው ለዚህ ነው። ይህም ሆኖ መለኪያው ጎዶሎ ነው።

አንዲት የአልጋ ቁራኛ እናት ሁለት ልጆች አሏት እንበል። ሴቷ ጅዳ በሰው ቤት ተቀጥራ የደመወዟን ግማሽ ለመድኃኒት ትልካለች። መላኩ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ጉድለቱ ወሩን ሙሉ ይከተላታል። ወንዱ እናቱ ዘንድ ነው። በሌሊት እየተነሣ ያገላብጣታል፣ የራሰ አንሶላ ይቀይራል፣ ገላዋን ሲያጥብ እሷም እሱም ያፍራሉ። የእህቱ ግዴታ ውድ ነው፤ የእሱ አስቸጋሪ። ሁለቱ በአንድ ሚዛን የሚሰፈሩ አይመስለኝም።

አመክንዮ የሚጠይቀንን ስናይ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። መርዶ የተነገራት እናት የልጇን ሞት እንድታምን ማስረጃው ያስገድዳታል። ማመኑ ሳንቲም አያስወጣትም። ለቅሶ ተቀምጣ እንኳ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትላለች።

ፈላስፋው ዴቪድ ሶበል እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳመለከተው፣ «በዛ» የሚለው ተቃውሞ የሚቆጥረው የሰጪውን ወጪ ብቻ ነው። ግዴታው ቢነሣ ወጪው አይጠፋም፤ ሰማጩ ሕፃን ይከፍለዋል። ተቃዋሚው የሕፃኑን ኪሳራ ከረጂው አሳንሶ የሚያይበትን ምክንያት አስቀድሞ ማሳየት ነበረበት። ወጪን በተመለከተ ሶበል ረትቷል እላለሁ። አስቸጋሪነት ግን ከአንዱ ወደ ሌላው አይዞርም፤ የሠሪው ብቻ ነው። ቢሆንም የሚያቀልለው ወቀሳን እንጂ ግዴታን አይደለም። እናቱን የሚያስታምመው ልጅ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ጥሎት ሳይነሣ ቢቀር አልወቅሰውም፤ አንሶላው ግን መቀየር ነበረበት።