ከለቅሶ ቤት የወጣ አልበም፦ የፐርል ጃም «ቴን»

ስለ ግራንጅ ዘመን ሲወራ ብዙዎች ከዝናው ይጀምራሉ፤ ከተሸጠው አልበም፣ ከሞላው አዳራሽ፣ በየቴሌቪዥኑ ከታየው ፊት። የፐርል ጃምን ታሪክ ግን ከሞት መጀመር ግድ ይላል። የቡድኑ የበኩር ሥራ የሆነው «ቴን» ሐዘንተኞች ተሰብስበው የሠሩት አልበም ነውና። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሲያትል በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጥግ ያለች፣ ዝናብ የማይለያት የወደብ ከተማ ናት። በ1980ዎቹ ወጣቶቿ የፓንክን ቁጣ ከሄቪ ሜታል ክብደት ጋር አዋሕደው፣ ኋላ «ግራንጅ» የተባለውን ሻካራ የሮክ ስልት ፈጠሩ። ከቀደምቶቹ ባንዶች አንዱ ግሪን ሪቨር ነበር፤ ጊታር ተጫዋቹ ስቶን ጎሳርድና የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጄፍ አሜንት የተገኙት ከዚያ ነው። ያ ባንድ ሲፈርስ ሁለቱ አንድሩ ዉድ ከተባለ ድምፃዊ ጋር ሆነው ማዘር ላቭ ቦንን መሠረቱ። ዉድ ከከተማዋ ደመና ጋር የማይመሳሰል ሰው ነበር፤ አለባበሱ ያብለጨልጫል፣ መድረኩን በሣቅ ይሞላዋል። የባንዱ የመጀመሪያ ሙሉ አልበም «አፕል» ለአድማጭ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ማርች 19 ቀን 1990 ሄሮይን ሕይወቱን ቀጠፈው። ዕድሜው 24 ነበር። አልበሙም በዚያው ዓመት ድምፃዊው በሌለበት ወጣ።

ጎሳርድ ሐዘኑን በጊታሩ ላይ አሳለፈ። ማይክ ማክሪዲ ከተባለ ሌላ ጊታር ተጫዋች ጋር መለማመድ ጀመረ፤ አሜንትም ተመልሶ ተቀላቀላቸው። ማት ካሜሮን ከበሮውን እየመታላቸው ድምፃዊ የሌላቸውን አምስት ቅንብሮች በካሴት ቀዱ። ካሴቱ የሬድ ሃት ቺሊ ፔፐርስ የቀድሞ ከበሮ መቺ በነበረው በጃክ አይረንስ እጅ አልፎ፣ ሳን ዲዬጎ ውስጥ በአንድ ነዳጅ ማደያ ሌሊት ይሠራ ለነበረው ለኤዲ ቬደር ደረሰ። ቬደር ሙዚቃውን ከሰማ በኋላ ባሕር ገብቶ በሞገድ ላይ ሲንሸራተት ግጥሙ መጣለት። ቤቱ ተመልሶ በሦስቱ ቅንብሮች ላይ ድምፁን ቀዳና ካሴቱን በፖስታ መልሶ ላከው።

ከሦስቱ አንዱ «አላይቭ» ነው፤ «ሕያው» እንደ ማለት። ግጥሙ የቬደርን የራሱን ቁስል ይነካል። አባቴ ብሎ ሲጠራው ያደገው ሰው የእንጀራ አባቱ እንደሆነ፣ የወለደው አባት ደግሞ የቤተሰብ ወዳጅ መስሎት በሩቁ ያውቀው የነበረው ሰው እንደሆነ፣ እርሱም እንደሞተ የተነገረው በወጣትነቱ ነው። እናም በግጥሙ ውስጥ በሕይወት መኖር ጸጋ አልነበረም፤ ሸክም ነበር። የሚያስደንቀው ግን ዜማው ራሱ የሟች እጅ የነካው መሆኑ ነው። ጎሳርድ ያን ቅንብር የሠራው በማዘር ላቭ ቦን ዘመን ሲሆን፣ አንድሩ ዉድም በራሱ ግጥም ዘፍኖበት ነበር።

ቬደር ዉድን አያውቀውም ነበር። ለለቅሶ ቤቱ እንግዳ ነው። ነገር ግን ባዶ እጁን አልመጣም፤ የራሱን ሟች በልቡ ይዞ ነበር። በሌላው ለቅሶ ላይ የራሱን አስቦ የሚያነባ ሰው ለእኛ አዲስ አይደለም። ሙሾ አውራጁ ስለ ሟቹ ሲያወርድ፣ እንግዳው ዓይኑን የሚያብሰው ከዓመታት በፊት ስለ ቀበረው ሰው ነው። «ቴን»ን የወለደው ይህ የሁለት ሐዘኖች መገናኘት ይመስለኛል።

ባንዱ ከጥቂት ቀናት ልምምድ በኋላ ኦክቶበር 22 ቀን 1990 ሲያትል ውስጥ ኦፍ ራምፕ በተባለ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ወጣ። ስሙ ገና ፐርል ጃም አልነበረም፤ በቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ በሙኪ ብሌይሎክ ስም ይጠራ ነበር። ስሙ ቢቀየርም የተጫዋቹ የማሊያ ቁጥር፣ 10፣ የአልበሙ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በዚያው ሰሞን ከዉድ ጋር በአንድ ቤት ይኖር የነበረው የሳውንድጋርደን ድምፃዊ ክሪስ ኮርኔል ለወዳጁ መታሰቢያ «ቴምፕል ኦቭ ዘ ዶግ» የተባለውን አልበም ሲያዘጋጅ፣ ጎሳርድን፣ አሜንትን፣ ማክሪዲንና ካሜሮንን አሰባሰበ። እንግዳው ቬደርም በአንዱ ዘፈን ከኮርኔል ጋር ተቀባበለ። ለቅሶ ቤቱ ተቀበለው።

«ቴን» በ1991 ጸደይ በሲያትሉ ለንደን ብሪጅ ስቱዲዮ ተቀርጾ ኦገስት 27 ቀን ወጣ፤ ከኒርቫና «ኔቨርማይንድ» አንድ ወር ያህል ቀድሞ። መጀመሪያ ላይ ገበያው ቀዝቃዛ ነበር። በ1992 ግን በአሜሪካ የአልበሞች ሰንጠረዥ እስከ 2ኛ ደረጃ ወጣ፤ በኋላም በዚያች አገር ብቻ 13 ሚሊዮን ቅጂ ስለ መድረሱ ዕውቅና ተሰጠው።

ዝናው ሲገዝፍ ትርጉሙ ከባለቤቶቹ እጅ መውጣት ጀመረ። «ጄረሚ» የተሰኘው ዘፈን መነሻው ቬደር ጋዜጣ ላይ ያነበበው አጭር ዜና ነው፤ በቴክሳስ አንድ ተማሪ በክፍል ጓደኞቹ ፊት የራሱን ሕይወት ስለማጥፋቱ የሚናገር። የቴሌቪዥን ጣቢያው መሣሪያው የሚታይበትን ምስል ከክሊፑ ሲቆርጠው፣ ብዙ ተመልካች ልጁ ጓደኞቹን የገደለ መሰለው። ክሊፑ በ1993 የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ተሸለመ፤ ባንዱ ግን ከዚያ በኋላ እስከ 1998 ድረስ አዲስ ክሊፕ ሳይሠራ ቆየ።

«አላይቭ» የገጠመው ዕጣ የተለየ ነው። በየአዳራሹ በሺህ የሚቆጠር ሰው እጁን አንሥቶ እየዘለለ ሲዘፍነው፣ የመኖር ሸክም የነበረው ቃል የመኖር ደስታ ሆነ። ቬደር በ2006 በአንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ይህንኑ ሲያስረዳ፣ ዘፈኑን በእርግማንነት እንደጻፈውና አድማጮቹ ትርጉሙን ለውጠው እርግማኑን እንዳነሡለት ተናግሯል። «ጄረሚ»ን በተሳሳተ መንገድ የተረዳው ሕዝብና «አላይቭ»ን ወደ ምርቃት የለወጠው ሕዝብ አንድ ነው። ደራሲ ሥራውን ለአደባባይ ሲሰጥ ሁለቱንም አብሮ ይቀበላል።

ምርቃቱ የተፈተነው ጁን 30 ቀን 2000 ነው። በዴንማርክ የሮስኪልዴ ፌስቲቫል ፐርል ጃም መድረክ ላይ እያለ፣ በሕዝቡ ግፊያ ዘጠኝ ወጣቶች ሞቱ። ባንዱ ከዚያ በኋላ በሰሜን አሜሪካ ሲዞር «አላይቭ»ን አልተጫወተም። ኦክቶበር 22፣ የመጀመሪያው መድረክ ልክ አሥረኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ በላስ ቬጋስ የማዘር ላቭ ቦንን «የእሾህ አክሊል» ለመጀመሪያ ጊዜ ዘፈኑ። የአንድሩ ዉድ ግጥም በእንግዳው አፍ ተሰማ። ኖቬምበር 6 ቀን ደግሞ ጉዞው ሲያትል ላይ ሲያበቃ፣ ሐዘኑ በተጀመረበት ከተማ፣ «አላይቭ»ን ተጫወቱ። ሕዝቡም አብሯቸው ዘፈነ።