ኩዊር

«ኩዊር» በእንግሊዝኛ ቀድሞ «እንግዳ፣ ያልተለመደ» ማለት ነበር፤ በኋላ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መሰደቢያ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የተሰደቡት ራሳቸው መጠሪያ አደረጉት። በኒውዮርክ ገለልተኛ የኮንቴምፖራሪ ዳንስ ባለሙያዎች ዘንድ ግን ቃሉ ከግል ማንነት አልፎ መደጋገፍንም ይገልጻል እላለሁ። ለምሳሌ ዳንሰኛው ቢል ቲ. ጆንስና የሕይወት አጋሩ አርኒ ዜን እ.ኤ.አ. በ1982 የዳንስ ቡድን መሠረቱ። ዜን በ1988 ከኤድስ ጋር በተያያዘ ሕመም ሲሞት ቡድኑ አልፈረሰም፤ የሁለቱን ስም ይዞ ቀጠለ። ሌላው ዳንሰኛ ኢሽማኤል ሂውስተን-ጆንስም ከአንድ ደራሲና ከአንድ ሙዚቀኛ ጋር በ1980ዎቹ አጋማሽ የሠራውን «ዜም» የተሰኘ ሥራ በ2010 ለወጣት ዳንሰኞች አስተላልፏል። ቋሚ ደመወዝና ቋሚ መድረክ በሌለበት ሙያ፣ የቀደሙትን ሥራ ከመረሳት የሚያድነው እንዲህ ያለው ትስስር ነው።

«ቃሉ ይህን ያህል ከሰፋ ትርጉሙ ይጠፋል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ አብሮ የሚሠራ ሁሉ ኩዊር አይባልም። ይሁን እንጂ ይህ መደጋገፍ ከማንነቱ የተነጠለ አይደለም፤ በፍቅራቸው ምክንያት የተገፉ፣ በኤድስ ወረርሽኝም ዘመን ወዳጆቻቸውን የቀበሩ ሰዎች በመከራ ያበጁት ነው። ስለዚህ ቃሉን ስንፈታ ማንነቱንም ማኅበረሰቡንም አብረን ልናነሳ ይገባል፤ አንዱን ብቻ የሚናገር ፍቺ ጎዶሎ ነው።