ከቅቤ እስከ ጀበና፤ በቡና አፈላል ውስጥ ያለ ታሪክ

የአንድን ኅብረተሰብ ታሪክ በጦር ሜዳና በቤተ መንግሥት ብቻ የሚፈልግ ሰው በምድጃ ዳር የተቀመጠውን መዝገብ ሳያነብ ያልፋል። አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች መካከል ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለዚህ ንባብ የተመቹ ናቸው። በሰበታ በኩል የጅማ፣ በቡራዩ በኩል የወለጋ መንገድ ቡናን ወደ መዲናይቱ ያስገባል፤ ከእንጦጦ ማዶ የተዘረጋው የሱሉልታ ሜዳ ደግሞ በሣሩና በወተቱ የታወቀ ነው።

ቡናና ቅቤ መገናኘታቸው የቆየ ነገር ነው። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ «ቡና ቀላ» በሚባለው ሥርዓት ፍሬው ጫፉ ተከፍቶ በቅቤ ይጠበሳል። «ቀላ» መታረድን የሚያመለክት ቃል እንደ መሆኑ፣ ፍሬው በመሥዋዕት ምሳሌ ይታያል፤ ሽማግሌዎች ይመርቁበታል፤ ከዚያም ይቆረጠማል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የኦሮሞ ዘማቾች የተቆላና የተወቀጠ ቡና በቅቤ ለውሰውና አድቦልቡለው ለስንቅ ይይዙ እንደነበር ጽፏል። እዚህ ላይ ቡና ምግብም ምርቃትም ነው።

ጀበና ግን ቡናን መጠጥ ያደርገዋል። ቡናው ታጥቦ ይቆላል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ፈልቶ እስኪሰክን ይጠበቃል፤ በዚያው ቡና ላይ ውኃ እየተጨመረ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይወጣል። የዐረብኛ ድምፅ ያላቸው እነዚህ ስሞች የንግድንና የእስልምናን መንገድ ይጠቁማሉ። በእርግጥም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደጋው የነበሩ ብዙ ክርስቲያኖች ቡናን የሌላ ሃይማኖት መለያ አድርገው ይርቁት ነበር፤ ይህ እገዳ ጎልቶ የላላው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። እንግዲህ ዛሬ የሁሉም ጥንታዊ ልማድ የሚመስለን ሥርዓት፣ በብዙ ቤት ከጥቂት ትውልዶች የማይበልጥ ዕድሜ አለው።

ሦስተኛው የኢጣሊያ አፈላል ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የፋሺስት ወረራ ጊዜ በከተሞች ሥር ሰደደ። «ሞካ» የተባለው የቤት ማፍያ በእንፋሎት ግፊት ውኃውን በተፈጨው ቡና ውስጥ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ቡናው ይደርሳል። ነገር ግን ቶና የለውም፤ ቶና ከሌለ ደግሞ ጎረቤት የሚቆይበት ምክንያት ያጥራል።

ታዲያ ማነጻጸሪያው ጣዕም ብቻ ሊሆን አይገባም። የጀበናን ውበት ስናደንቅ፣ ከመቁላት እስከ በረካ ያለውን ድካም የተሸከመችው ሴት መሆኗን መዘንጋት የለብንም። ቡና ቀላ በበኩሉ ላምን፣ ግጦሽንና መራቂ ሽማግሌን ይሻል። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ የቀድሞው ግጦሽም በቤትና በፋብሪካ እየተያዘ ነው።

ስለዚህ በመድረክና በሥዕል ጀበናን ብቻ የአገር አርማ አድርጎ ማቅረብ ታሪክን ማጉደል ነው። መምህሩ በተማሪዎቹ አማካይነት የአያቶችን አፈላል ቢያስመዘግብ፣ የኪነ ጥበብ ሰውም የቅቤውን ቡና ከነምርቃቱ ቢያሳይ፣ ቅርሱ ለመጪው ትውልድ ሙሉ ሆኖ ይተላለፋል።