በከሚሴ ቆርቆሮ ሥር፦ በፖሊመር ፎም ውስጥ የሚያልፍ ሙቀት ስሌት ለቆላ ከተማ

የአውሮፓን ደረጃ ተከትሎ የሚመረት የፎም ሰሌዳ ዝርዝር መግለጫው ላይ የሚታተመው የሙቀት አስተላላፊነት ቁጥር የሚለካው በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ አማካይ መጠነ ሙቀት ነው። አሜሪካኖቹ በ24 ዲግሪ ይለካሉ። ሁለቱም ልማዶች ለአገራቸው ይስማማሉ፤ በተለይ አውሮፓ ውስጥ ፎም የሚለጠፈው ክረምት ቤት ውስጥ ያለው ሙቀት ወደ ውጭ እንዳይሸሽ ነው። የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ ግን ሌላ ጥያቄ አላት። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በሞቃት ወራት የጥላው ሙቀት ራሱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ ቀትር ላይ ቆርቆሮው ደግሞ ከዚያ በእጥፍ ይግላል። ከቆርቆሮው ሥር የተለጠፈ ፎም በአማካይ በ45 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል ማለት ነው። በ10 ዲግሪ የተለካ ቁጥር ለዚህ ጣሪያ በቀጥታ አይሠራም። ይህ መጣጥፍ ቁጥሩን ለከሚሴ እንደገና ያሰላዋል፤ ስሌቱ ፎም የት መግባት እንዳለበትና የት መግባት እንደሌለበት ያሳያልና።

ሙቀት በፎም ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ

የፎም አብዛኛው አካል ጋዝ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ነጩ የተነፋ ፖሊስታይሪን በአንድ ሜትር ኩብ 15 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ ያልተነፋው ፖሊስታይሪን ግን 1,050 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከመቶው ከ98 እጅ በላይ አየር ነው ማለት ነው፤ ቀሪው የትንንሾቹ የአየር ሕዋሳት ስስ ግድግዳ ነው። ሙቀት ይህን አካል ሊያቋርጥ የሚችልባቸው አራት መንገዶች አሉ፦ በጋዙ ሞለኪውሎች ቅብብል፣ በፕላስቲኩ ግድግዳ፣ በሕዋሳቱ ውስጥ በሚደረግ የአየር ዝውውር እና በጨረር።

የአየር ዝውውሩን ወዲያው መተው ይቻላል። ዝውውር እንዲጀመር ሕዋሱ ብዙ ሚሊ ሜትር ስፋት ያስፈልገዋል፤ የፖሊስታይሪን ሕዋስ ግን የሚለካው በሚሊ ሜትር አሥረኛዎች ነው። ከሚሴ ከፍ ብላ መገኘቷም ይህን ያጠናክረዋል። የአየሩ ግፊት ወደ 86 ኪሎ ፓስካል ስለሚወርድና የዝውውሩ ኃይል ከአየሩ እፍጋት ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ እዚህ ያለው የዝውውር ዝንባሌ በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ በሚበልጥ መጠን ያንሳል።

ታዲያ ቀጭን አየር ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙም አይቀንስም ወይ? አይቀንስም። ጄምስ ክለርክ ማክስዌል በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ግፊት ሲቀንስ ሙቀት ተሸካሚ ሞለኪውሎች ይቀንሳሉ፤ ግን እያንዳንዱ ሳይጋጭ የሚጓዘው ርቀት በዚያው ልክ ይረዝማል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። ሕጉ የሚፈርሰው ይህ ርቀት የሕዋሱን ስፋት ሲቃረብ ብቻ ነው። በከሚሴ አየር ውስጥ ርቀቱ 80 ናኖ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከሕዋሱ ስፋት ከሺህ አንድ እጅ ያንሳል። ስለዚህ ፎሙ ውስጥ ያለው አየር በምጽዋም ሆነ በከሚሴ፣ በተመሳሳይ መጠነ ሙቀት፣ እኩል ያስተላልፋል።

ቀጥሎ ጨረር አለ፤ ለቆላ ከተማ ቁልፉ ነገር ይህ ነው። የፕላስቲኩ ግድግዳ እጅግ ስስ በመሆኑ ለኢንፍራሬድ ጨረር ከፊል አሳላፊ ነው። ጨረሩ በአንድ ግድግዳ ሲያልፍ የተወሰነው ይዋጣል፣ የተወሰነው ይበተናል፣ የቀረው ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። ይህን ውስብስብ ጉዞ ወደ አንድ ቀላል ቁጥር የሚያጠቃልለው ስሌት የተወረሰው ከሥነ ፈለክ ነው፦ ኖርዌያዊው ስቬን ሮስላንድ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የከዋክብትን ውስጣዊ ክፍል ለማስላት ያቀረበው ነው። በእሱ መሠረት በጨረር የሚያልፈው ሙቀት ከፍጹም መጠነ ሙቀት ኩብ ጋር እያደገ ይሄዳል፤ ከፎሙ ጨረር የማዳከም አቅም ጋር ግን በተቃራኒው ይሄዳል። ከ10 ዲግሪ ወደ 45 ዲግሪ ስንወጣ ኩቡ በ42 በመቶ ያድጋል።

ቁጥሮቹን እናስቀምጥ። በአንድ ሜትር ኩብ 15 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ፖሊስታይሪን፣ የማዳከም አቅሙን በሜትር 900 ብለን እንውሰድ። በ10 ዲግሪ ጋዙ 0.0245፣ ፕላስቲኩ 0.0015፣ ጨረሩ 0.0076 ዋት በሜትር በኬልቪን ያስተላልፋሉ፤ ድምሩ 0.034 አካባቢ ነው፤ ሻጩ ከሚሰጠው ቁጥር ጋርም ይቀራረባል። በ45 ዲግሪ ጋዙ ወደ 0.027፣ ጨረሩ ወደ 0.011 ይወጣሉ፤ ድምሩ 0.039 ይደርሳል። ልዩነቱ 16 በመቶ ገደማ ነው።

የከፋው በርካሹ ፎም ላይ ይታያል። የማዳከም አቅም በግምት ከእፍጋት ጋር ስለሚሄድ፣ 10 ኪሎ ግራም ብቻ የሚመዝነው ፎም በ45 ዲግሪ ወደ 0.044 ይጠጋል። ዓይን ልዩነቱን አያይም፤ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አላቸው። ሚዛን ግን ያየዋል፦ ጎንና ጎኑ አንድ ሜትር የሆነ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ 750 ግራም ካልመዘነና 500 ግራም አካባቢ ከሆነ፣ ለቆላ ጣሪያ ደካማ ነው። አምራቾች ግራፋይት ጨምረው የሚሠሩት ግራጫ ፖሊስታይሪንም ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ግራፋይቱ ኢንፍራሬዱን ይውጣል። ጨረር በሚያይልበት ሞቃት ጣሪያ ሥር የሚሰጠው ትርፍ በቀዝቃዛ አገር ከሚሰጠው ይበልጣል።

ጣሪያው እና የጭቃው ግድግዳ

አሁን ፎሙን ከቆርቆሮው ሥር እናስገባው። የፀሐይ ጨረር በካሬ ሜትር 950 ዋት፣ የውጭ አየር 32 ዲግሪ፣ ያረጀ ቆርቆሮ ከሚያርፍበት ጨረር 70 በመቶውን ይውጣል እንበል። ነፋስ ሙቀት የሚያነሳበት ፍጥነት ከአየሩ እፍጋት ጋር ስለሚቀንስ፣ በከሚሴ ከፍታ ቆርቆሮው በባሕር ወለል ከሚሰላው በ3 ዲግሪ ያህል ይበልጥ ይግላል፤ ስሌቱ ከ68 ዲግሪ በላይ ይሰጣል። መጽሐፍ ላይ ያለውን የባሕር ወለል ቁጥር ሳያስተካክሉ መጠቀም ይህን ያህል ያሳስታል።

ኮርኒስ በሌለው ቤት፣ ውስጡም 32 ዲግሪ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 160 ዋት ገደማ ወደ ውስጥ ይገባል። 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት ቀትር ላይ ከ6 ኪሎ ዋት በላይ ይቀበላል፤ ይህም ከአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚበልጥ ሙቀት ነው። 2.5 ሳንቲ ሜትር ፎም ሲገባ 160ው ወደ 43 ይወርዳል። 5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 25፣ 10 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 13 ዋት ይሆናል። የመጀመሪያው 2.5 ሳንቲ ሜትር ወደ 120 ዋት ሲያስቀር፣ የመጨረሻው 5 ሳንቲ ሜትር የሚያስቀረው 12 ዋት ያህል ብቻ ነው። ገንዘብ ለሚያጥረው ባለቤት መልሱ ግልጽ ነው፦ ግማሹን ጣሪያ በወፍራም ፎም ከመሸፈን ሙሉውን በስስ ፎም መሸፈን ይሻላል። ክፍተት ሳይተው የተሸፈነ ጣሪያ ነው ስሌቱን የሚያከብረው።

እስከዚህ ያለው ስሌት ሙቀት በጊዜ እንደማይለዋወጥ ቆጥሮ የተሠራ ነው፤ ፀሐይ ግን ትወጣለች፣ ትጠልቃለች። ጆሴፍ ፉሪየር በ1822 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ ያስቀመጠው ቀመር እዚህ ይገባል። 5 ሳንቲ ሜትር ፎም የቀትሩን ሙቀት የሚያዘገየው ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ክብደት ስለሌለው ሙቀት አያጠራቅምም። 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጭቃ ግድግዳ ግን ከ6 ሰዓት በላይ ያዘገየዋል። ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት የውጭ ፊቱን ያቃጠለው ሙቀት ወደ ውስጥ የሚደርሰው ሌሊቱ ሲገባ፣ መስኮት ከፍቶ ማናፈስ ሲቻል ነው። በጭድ የተቦካው ምርግ ከፎም ብዙ እጥፍ ያስተላልፋል፤ ነገር ግን ትልቁ ሥራው ማዘግየት ነው፤ ይህን ሥራ ፎም ሊተካው አይችልም። የጭቃ ቤት አፍርሶ በስስ ብሎኬት መተካት፣ ከዚያም ውስጡን በፎም መለበጥ፣ በከሚሴ የአየር ጠባይ የማይደገፍ ወጪ ነው። ፎሙ ለጣሪያ፣ ጭቃው ለግድግዳ ይሁን።

አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። ባዶ ቆርቆሮ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ ፎም ይህንንም ያግዳል። ስለዚህ ፎም የገባበት ቤት ከጣሪያው በታች የአየር መውጫ ከሌለው ማታ ያፍናል። ለማናፈሻ ቀዳዳ ሳይተው ፎም የሚገጥም ሠራተኛ የቀኑን ችግር ወደ ሌሊት ያዛውረዋል።

የክትባት ሳጥን እና የፎም እርጅና

በቆላ ፎም ሙቀት የሚያግደው በጣሪያ ሥር ብቻ አይደለም፤ በገጠር ቀበሌዎች ክትባት የሚያደርሱ የጤና ሠራተኞች የሚሸከሙት ሳጥን ግድግዳው ፖሊዩረቴን ፎም ነው። በኢትዮጵያ የክትባት ፕሮግራም ከተጀመረበት ከ1972 ዓ.ም. ወዲህ የሥራው ዋና ፈተና ቅዝቃዜውን ጠብቆ መድረስ ነው፤ አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እነዚህን ሳጥኖች የሚፈትነው በ43 ዲግሪ ነው፤ በዚሁ አስተዳደር ላሉት ለባቲና ለደዌ ሐረዋ ቆላ ወረዳዎች ይህ የተጋነነ ፈተና አይደለም።

አማካይ ስፋቱ 0.4 ካሬ ሜትር፣ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር፣ አስተላላፊነቱ 0.024 የሆነ ሳጥን በ43 ዲግሪ ወደ 10 ዋት ያስገባል። 1.6 ኪሎ ግራም በረዶ በዚህ ፍጥነት ለ15 ሰዓት ያህል ይቆያል። ፖሊዩረቴን ከአየር ያነሰ የሚያስተላልፈው ሕዋሱ ውስጥ አየር ሳይሆን እንደ ሳይክሎፔንቴን ያለ ከባድ ጋዝ ስላለበት ነው። ቀድሞ ያንን ሥራ ይሠሩ የነበሩት ክሎሮፍሎሮካርቦኖች የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዱ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ቀርተዋል። ጋዙ ግን ታስሮ አይቀርም። ከውጭ አየር ቶሎ ይገባል፣ ከውስጥ ከባዱ ጋዝ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ሙቀት ሁለቱንም ያፋጥናል። ሳጥኑ አርጅቶ አስተላላፊነቱ 0.028 ሲደርስ 15ቱ ሰዓት ወደ 13 ይወርዳል። በተሰነጠቀ ቅርፊት ውሃ ከገባ ኪሳራው የባሰ ነው፤ ውሃ ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። በፀሐይ በጋለ መጋዘን የተቀመጠ ሳጥን ሥራ ላይ ሳይውል ያረጃል፤ በጥላ ማስቀመጥ ብቻ ዕድሜ ይጨምራል።

ስለ እሳት ሳይነገር የፎም መጣጥፍ መጠናቀቅ የለበትም። ፖሊስታይሪን 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጥንካሬውን ማጣት ይጀምራል፤ ያረጀና የጠቆረ ቆርቆሮ ደግሞ ወደዚያ ይቀርባል፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል የአየር ክፍተት ያስፈልጋል። በእሳት ሲያዝ ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ወፍራም ጥቁር ጭስ ያወጣል። በ2017 እ.ኤ.አ. በለንደን ግሬንፌል ሕንፃ 72 ሰዎች የሞቱት እሳቱ በፕላስቲክ የውጭ ልባስ ተዛምቶ ነው፤ ከልባሱ ጀርባ የነበረውም የፎም መከላከያ ነበር። ማገዶ በሚነድበት ማድ ቤት ፎም ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ በሌላውም ክፍል በጂፕሰም ወይም በምርግ ሳይሸፈን መታየት የለበትም።

እዚህ የቀረበው ሁሉ ስሌት ነው፤ ሊፈተንም ይገባዋል፤ ፈተናውም ውድ አይደለም። ከከሚሴ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም አለ። ጎን ለጎን በቆሙ ሁለት የጭቃ ቤቶች፣ አንዱን በፎም ሌላውን ያለ ፎም፣ ግንቦትና ሰኔን ሙቀቱ በቴርሞኮፕል (በሽቦ የሙቀት መለኪያ) ቢለካ የከሚሴ ነዋሪ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የራሱን ከተማ ቁጥር ያገኛል። ፎም የሚያመርቱና የሚያስመጡ ድርጅቶችም እፍጋቱንና በ45 ዲግሪ የተለካውን አስተላላፊነት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሰሌዳው ላይ ያትሙ።